የጉባኤ ፖስተር ምንድን ነው? በተለይ ለኬሚስትሪ አስተማሪ

«አብስትራክትዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የሚያቀርቡት ግን በፖስተር ነው።» እንዲህ የሚል ኢሜይል መጀመሪያ ሲደርሰኝ ደስታዬ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። (አብስትራክት አስቀድመን ለጉባኤው የምንልከው የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ ነው።) ንግግር ያልሰጡኝ ሥራዬን ስለናቁት ነው ብዬ ደመደምኩ። ያኔ ለእኔ ፖስተር ማለት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለው «እጅዎን ይታጠቡ» ነበር። እሱ አጠገብ ሁለት ሰዓት መገተር ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

አሁን ምርጫ ቢሰጡኝ ፖስተሩን እወስዳለሁ።

የጉባኤ ፖስተር ማለት አንድ ጥናት ወይም አንድ የማስተማር ሙከራ ትልቅ ወረቀት ላይ ተጠቃሎ፣ አዳራሽ ውስጥ ከተደረደሩት ሰሌዳዎች በአንዱ ላይ ተሰቅሎ፣ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከአላፊ አግዳሚው ጋር የሚያወራበት መንገድ ነው። የሚያወራበት የምትለዋን ያዙልኝ። መድረክ የለም፣ ማይክሮፎን የለም። ሰው ቡናውን ይዞ ይዞራል፣ ዓይኑን የያዘው ጋ ይቆማል፣ ያልያዘውን ያልፋል። ባጭሩ ገበያ ነው። ንግግር ላይ ሰዎቹ ቢሰለቹም በይሉኝታ ይቀመጣሉ። እዚህ ይሉኝታ የለም፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ነገሩ ጥንታዊ አይደለም። በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የተጀመረው በ1969 ማድሪድ ውስጥ፣ የአውሮፓ የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ስብሰባ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሜሪካ ደግሞ በ1974 ሚኒያፖሊስ ላይ ገባ። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ማቅረብ የሚፈልገው ሰው በዛ፣ አዳራሹና ሰዓቱ አልበቃ አለ። ስለዚህ ፖስተር የተሰጠው ሰው ሥራው ደካማ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቦታ ጉዳይ ነው።

የኬሚስትሪ ትምህርት ጉባኤዎች ብዙ ናቸው። አሜሪካኖቹ የኬሚስትሪ ማኅበራቸው የትምህርት ክፍል በየሁለት ዓመቱ፣ ተጋማሽ ቁጥር በሆኑት ዓመቶች፣ በበጋ የሚያዘጋጁት አላቸው። የ2022ቱ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ የ2024ቱ ኬንታኪ። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት የሚያስተባብረው ደግሞ በ2022 ኬፕ ታውን፣ በ2024 ታይላንድ ፓታያ ተካሂዷል። አፍሪካም የራሷ አላት፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት ምርምር ጉባኤ የተካሄደው በ2013 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ይሄን ለብዙ የኬሚስትሪ መምህራን ስነግር አያምኑኝም።

እነዚህ ጉባኤዎች ላይ የሚመጣው ሰው ከሌላው የኬሚስትሪ ስብሰባ ይለያል። ፕሮፌሰር አለ፣ የማስተርስ ተማሪ አለ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር አለ። አብዛኛው ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚዞረው፤ «ይሄን ሰኞ ክፍሌ ውስጥ ምን ላድርገው?» ፖስተርሽ ለዚህ ካልመለሰ አለቀ። ሌላው ልዩነት ዳታው ነው። የተለመደ የኬሚስትሪ ፖስተር ላይ ዳታው ስፔክትረም ነው፣ ክሪስታል ነው። እዚህ ግን ዳታው ሰው ነው። ልጅ ያሰበው፣ የተናገረው፣ ወረቀት ላይ የሳለው።

ከብዙ ስህተት በኋላ የገባኝም ይኸው ነው። መጀመሪያ ፖስተሬ ላይ የለጠፍኩት የውጤት ሠንጠረዥ ነበር። ከትምህርቱ በፊት አማካይ ይሄን ያህል፣ በኋላ ይሄን ያህል፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው፣ ምናምን። ማንም አልቆመም። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ፖስተሯ መሐል ላይ አንድ ተማሪ በእርሳስ የሳለው የሚፈላ ውሃ ድስት ነበር። ልጁ አረፋዎቹ ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለየብቻ አድርጎ ስሏል። በቃ፣ ሰው እዚያ ጋ ተሰበሰበ። አንዱ «የእኔም ተማሪዎች እንዲህ ይላሉ!» ይላል፣ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል። አረፋው የውሃ እንፋሎት ነው እንጂ ውሃው ተበታትኖ አይደለም፤ ይሄ ስህተት ግን የታወቀ ነው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ በተጠኑ ልጆችም ታይቷል። አዲስ ግኝት አልነበረም። ግን ሥዕሉ የሰው እጅ ነበረበት።

ሥዕሉ ለምን እንደሚሠራ የኬሚስትሪ ትምህርት ሰዎች ያውቃሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ጆንስቶን በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ኬሚስትሪን በሦስት ማዕዘን አስቀመጠው። አንዱ ጫፍ በዓይን የምናየው፣ ሁለተኛው የማናያቸው ቅንጣቶች፣ ሦስተኛው ምልክቱና ቀመሩ። መምህር በሦስቱ መሐል ሳያስበው ይዘላል፣ ተማሪው መንገድ ላይ ይቀራል። ድስቱ በዓይን የሚታየው ነው፣ አረፋው ውስጥ ያሉት ኳሶች ቅንጣቶቹ ናቸው፣ ከጎኑ የተጻፈችው ቀመር ምልክቷ ናት። አንድ ሥዕል ላይ ልጁ የት እንደወደቀ ታያለህ። ሠንጠረዥ ይሄን አያሳይም።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። ኮምፒውተር ከመክፈት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ምን ይዞ ይሂድ? እሱን መጻፍ ካልቻላችሁ ፖስተሩ ገና ነው። በ2019 ማይክ ሞሪሰን የሚባል፣ ያኔ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ዶክትሬት ተማሪ የነበረ ሰው ዩቲዩብ ላይ አንድ የካርቱን ቪዲዮ ለቀቀ። መልእክቱ፦ ፖስተሩን በጽሑፍ አታጭቁት፣ ዋናውን ግኝት መሐል ላይ በትልቁና በተራ ቋንቋ ጻፉ፣ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጉ፣ ሙሉውን ለሚፈልግ ኪውአር ኮድ አስቀምጡ። ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ተቸው። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ትልቋ ዓረፍተ ነገር ትኑር። ግን ብቻዋን አትቁም፣ ከሥሯ የተማሪው ሥዕል ወይም ንግግር ይኑር።

መጠኑን ከመመሪያው ላይ አንብቡ። የተለመደው ኤ ዜሮ የሚባለው ነው፣ 841 በ1189 ሚሊሜትር። አሜሪካ ውስጥ በኢንች ይሄዳሉ፣ 36 በ48 ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ወደ ላይ የቆመ ይሁን የተጋደመ የሚለውንም እዩ! እኔ አንድ ጊዜ የተጋደመ አሳትሜ ሄጄ ሰሌዳው ለቆመ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቴ በሁለቱም በኩል ወደ ጎረቤቶቼ አለፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።

ፓወርፖይንት የምትጠቀሙ ከሆነ የስላይዱን መጠን መጀመሪያ አስተካክሉ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ብታሳድጉት ሁሉም ነገር ይዛነፋል፣ ከድረ ገጽ የወረደች ፎቶማ ኤ ዜሮ ላይ ጭጋግ ሆና ነው የምትወጣው። ለፊደል መጠን ቀላል ፈተና አለ። ፖስተሩን ተራ ኤ ፎር ወረቀት ላይ አትሙት። ኤ ዜሮ ቁመቱም ወርዱም የኤ ፎር አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ 24 ነጥብ የነበረው ፊደል 6 ይሆናል። ወረቀቱን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ማንበብ ከቻላችሁ አዳራሽ ውስጥም ይነበባል። ካቃታችሁ ጽሑፉን ቀንሱ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ።

ቀለም ላይ የኬሚስትሪ ሰው ልዩ ፈተና አለበት። አሲድና ቤዝ የምንለይበት ፌኖልፍታሊን ከቀለም አልባ ወደ ሮዝ ሲለወጥ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ሕትመት ላይ ግን ያቺ ፈዛዛ ሮዝ ልትጠፋ ትችላለች። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ሰውም አለ፤ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ግራፉን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ ከለያችሁት ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

አሁን የምወደው ጉዳይ ላይ ደረስን፣ ቋንቋ። እኛ አገር የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪውን ቁጭ አድርገህ «እስቲ አስረዳኝ» ስትለው ግን በአማርኛ ነው የሚያስበው፣ ወይም በኦሮምኛ፣ ወይም በትግርኛ። እኔ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ጠይቄ ነበር። «ሟሟ» አሉኝ። በረዶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥስ? «ሟሟ።» ሌሎቹ ለሁለቱም «ቀለጠ» አሉ። መጽሐፉ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በረዶው ብቻውን ጠጣርነቱን ለቆ ፈሳሽ ይሆናል፣ ስኳሩ ውሃው ውስጥ ቅንጣት በቅንጣት ይሰራጫል። እና ፖስተሬ ላይ ይሄን ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም «ሟሟ»ን የቱ ልበለው? አንዱን ቃል ከመረጥኩ ልጁ ተሳስቷል ብዬ ፈርጄበታለሁ፣ ሌላውን ከመረጥኩ አውቋል ብዬለታለሁ። ውጤቱን የወሰንኩት እኔ ተርጓሚዋ ነኝ ማለት ነው! ስለዚህ የአማርኛውን ቃል እንዳለ በትልቁ ጻፍኩትና ከሥሩ አብራራሁት። ብዙ ሰው ያቆመልኝም እሱ ሆነ። ፊደላችንን አይተው «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ይመጡና፣ በራሳቸው ቋንቋም ሁለቱ ቃላት ይቀላቀሉ እንደሆነ እያሰቡ ይቆያሉ።

ታዲያ አማርኛ ስትጨምሩ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፊደሉ አብሮ መግባቱን አረጋግጣችሁ ለማተሚያ ቤት ስጡ። ያለዚያ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ይሆናል። ባለሙያውም አማርኛ የማያነብ ከሆነ ሳጥኑን እንዳለ ያትመዋል።

የተማሪ ሥራ ስትለጥፉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከልጁም ከወላጁም። ስም መሸፈን ብቻ አይበቃም። እኔ ስሙን አጥፍቼ ያሳየሁትን አንድ የእጅ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ መልሼ ስሰቅለው ሦስት ልጆች በአንድ ድምፅ የባለቤቱን ስም ጠሩ። ከዚያ ወዲህ የእጅ ጽሑፍ ከሆነ በሌላ ሰው አስገልብጬ ነው የምለጥፈው፣ መገልበጡንም እጽፋለሁ።

የዝግጅቱ ቀን። ከፖስተሩ ጎን ቁሙ፣ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አትሸፍኑት። ስልክ አታውጡ፤ ስልክ የያዘ ሰው ጋ ማንም አይመጣም። ሰው ሲቆም ትንሽ ያንብብ፣ ከዚያ ሰላም በሉት። እኔ መጀመሪያ ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ ከርዕሱ ጀምሬ እስከ ማጠቃለያው እወርድ ነበር፤ ሰውዬው ዓይኑ መውጫ በር ይፈልጋል። አሁን እጠይቃለሁ። «ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት?» መልሱ ምን ልንገረው የሚለውን ይወስንልኛል። ለመምህሩ ክፍል ውስጥ ያደረግነውን፣ ለተመራማሪው ቃለ መጠይቁን እንዴት እንደመደብነው። የግማሽ ደቂቃ ወሬ በቃል ያዙ፣ የሁለት ደቂቃም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ እሱ ራሱ ይጠይቃል።

እኛ ላይ የሚበረታው ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ አንገት መድፋት። ስሙን መጽሐፍ ላይ የምናውቀው ፕሮፌሰር ደረቱ ላይ የስም ካርድ አንጠልጥሎ ፊትህ ሲቆም ምላስ ይተሳሰራል። ሰውዬው ግን ለፈተና አልመጣም። ከባድ የሚመስሉት ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ? ሌላ መምህር ቢያስተምረው ያው ውጤት ይመጣል? ለውጡ ከዘዴው ነው ወይስ ልጆቹ ስለተጠኑ ስለተጉ? ለእነዚህ ተዘጋጁ። የማታውቁትን «አላየሁትም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» በሉና ጻፉት። የሚቀጥለው ጥናቴ የተወለደው እንዲህ ከተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ነው።

ኪውአር ኮድ ካስቀመጣችሁ በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። በራሳችሁ ስልክ ሁሌም ይከፍታል! ሌላው ሰው ግን «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ ፊት ተገትሮ ይቀራል። እዚያ የምታስቀምጡት ደግሞ የፖስተሩ ቅጂ ብቻ አይሁን። መምህሩ የሚፈልገው ክፍል ውስጥ የሰጣችሁትን የሥራ ወረቀት ነው። ኢንተርኔት ለማይሠራለት ሰው ሃያ ያህል ቅጂ በወረቀት ያዙ።

ጉዞ ላይ፣ ወረቀት ከሆነ ቱቦ ውስጥ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት፣ ከሻንጣ ጋር አትላኩት። አውሮፕላኑ ውስጥ ረስቶ መውረድም አለ፤ ፋይሉ ፍላሽም ላይ ኢሜይልም ላይ ይኑር። ጨርቅ ላይ ማሳተም የሚቻልበት ቦታ ካገኛችሁ ይሻላል፣ እንደ ነጠላ አጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ ትከቱታላችሁ። የእኔ የጨርቁ ፖስተር ሁለት ጉባኤ አገልግሎ አሁን እናቴ ቤት የቴሌቪዥን መሸፈኛ ነው። ሥዕሉ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ «ሟሟ» የምትለዋ ግን ጀርባው ላይ በግልባጭ ትታያለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምን ማለት ነው ይላል።