የአዲስ አበባ ጭነትና የኢንዱስትሪ መሬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ከተማ ፕላን ሲወራ ቤት፣ ታክሲና መናፈሻ ይነሳል። ጭነት የሚነሳው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሲሚንቶው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ በየት ገብቶ የት ይራገፋል? ይህ ጥያቄ ከመሬት ጥያቄ ተነጥሎ መልስ አያገኝም። መጋዘኑ የት እንደሚሆን ስንወስን፣ መኪናው በየት እንደሚሄድም አብረን ወስነናል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስላለው ጭነት ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ ይህን ይዘነጋሉ።

«መንገዱን የሚዘጋው ከባድ መኪና ነው፤ በቀን ከታገደ እንገላገላለን»

ቀለበት መንገድ ላይ ከተሳቢ ኋላ የተሰለፈ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ከተማዋም ከባድ መኪኖች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ ሰዓት ገድባለች። ገደቡ ለእግረኛው ደህንነትም ለጠዋቱ ሰልፍም ይረዳል። ጭነቱን ግን አያጠፋውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ገደማ ያነሳል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ገደማ። ተሳቢው ከከተማ ውጭ ተራግፎ ዕቃው በአይሱዙ ይግባ ከተባለ ስምንት ምልልስ ይጠይቃል። ሌሊት ይግባ ከተባለ ደግሞ በዚያ ሰዓት መጋዘን ከፍቶ የሚቀበል ነጋዴ፣ ጫኝና አውራጅ፣ መብራትና ጥበቃ ያስፈልጋል። ሰዓቱ እስኪደርስ መኪናው የሚቆምበት ቦታም መዘጋጀት አለበት። ካልተዘጋጀ መንገድ ዳር ይቆማል። በከተማዋ መግቢያ ላይ መንገድ ዳር ተደርድረው የሚያድሩ መኪኖች የሾፌር ጥፋት አይደሉም። ቦታ ያልተያዘላቸው ናቸው።

ትልቁ ጉዳይ ግን መርካቶ ነው። ከጅቡቲ የተነሳ ዕቃ አዳማንና ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። መርካቶ ላይ ይበተናል። ከዚያ የአሰላው ወይም የአዳማው ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ገዝቶ በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። አንዱ ካርቶን ከአዳማ እስከ መርካቶ ያለውን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ይህን ጉዞ ትራፊክ ፖሊስ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው በየመውጫው የጅምላ ገበያና መጋዘን አንድ ላይ ሲኖር ነው። «አንድ ላይ» የምለው በምክንያት ነው። ነጋዴው መርካቶን የሚመርጠው በልማድ ብቻ አይደለም። አስመጪው፣ ዱቤው፣ ደላላው፣ ባንኩ፣ የክፍለ ሀገር መኪናው ሁሉ እዚያው ስላለ ነው። መጋዘን ብቻ ሠርቶ እነዚህን ያላመጣ ፕላን ባዶ አዳራሽ ታቅፎ ይቀራል።

«ባቡር መጥቷል፤ የጭነት መኪና ጊዜው አልፎበታል»

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የጭነት ባቡር 100 የሚያህሉ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነሮችን ይጎትታል። ትልቅ አቅም ነው፤ በሚገባ ልንጠቀምበት ይገባል።

ነገር ግን ባቡር ፋብሪካ በር ድረስ አይሄድም። ኮንቴነሩ እንዶዴ ወይም ሞጆ የጭነት ጣቢያ ሲደርስ በክሬን ተነስቶ መኪና ላይ ይጫናል። እያንዳንዱ ማንሳትና ማውረድ ያስከፍላል። ፋብሪካውና መጋዘኑ ከጣቢያው አጠገብ ከሆኑ ወጪው ትንሽ ነው። ከራቁ ግን በረጅሙ መንገድ የተረፈው ገንዘብ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ያልቃል።

የድሮው ባቡር ይህን አሳይቶናል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር የሆነችው በሐዲዱ፣ በደብረ ዘይት መንገድና በወንዙ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ወደ ሐዲዱ ተጠጋ፤ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው። አዲሱ ሐዲድ መሃል ከተማ አይገባም። በደቡብ ጫፍ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ዛሬ በጭነት ጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው መሬት ለምን ይዋል የሚለው ውሳኔ የነገውን ወጪ ይወስናል። እኔ በዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ቤት ብዙ ቦታ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሐዲድ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ግን ምትክ የለውም።

«ከተማ ውስጥ ያለ ፋብሪካና መጋዘን መሬት ማባከን ነው»

ለአፓርታማ የሚከፈለው ሊዝ ለመጋዘን ከሚከፈለው ይበልጣል። ጉዳዩ ለጨረታ ብቻ ከተተወ መጋዘን ሁልጊዜ ይሸነፋል። አንዴ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ደግሞ ተመልሶ መጋዘን አይሆንም።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ባለበት በለገሃር በ2011 ዓ.ም. ሰፊ የመኖሪያና የንግድ ግንባታ ይፋ ሆኗል። የድሮው ባቡር ሥራ ስላቆመ እዚያ ምክንያት አለው። ያው አስተሳሰብ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ሲሄድ ነው የሚያሳስበኝ። ዱቄት ፋብሪካው፣ ብረታ ብረት ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የእንጨት ሥራው ርቆ ሲሄድ ዕቃው ከሩቅ ይመጣል። ሠራተኛውም ሁለት ታክሲ ይጨምራል። ልዩነቱ ግን ይታይ። ቆዳ ፋብሪካና ዱቄት ፋብሪካ በአንድ ዓይን አይታዩም። ፍሳሹንና ጭሱን መቆጣጠር ያልቻለ ከሰው መኖሪያ ይውጣ። ሌላው ለምን ይባረራል?

«ፋብሪካ ርካሽ መሬት ባለበት ይሂድ»

የመሬቱ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ፍሳሹና የሠራተኛው ቤትም ወጪ ናቸው። የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ የተለቀቀበት የአቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ገበሬው በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል። ያ አትክልት ተመልሶ ከተማ ይሸጣል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ፣ ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ አብሮ ተሠርቶለታል። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የሠራተኛው ቤት ግን አብሮ አልታሰበም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አነስተኛ ደሞዛቸውን በኪራይ ጨረሱት፤ ብዙዎቹም ጥለው ሄዱ።

«መንገድ ቢሰፋ ይበቃል»

በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን በእርግጥ አቅልሏል። መኪናው መንገዱ አዲስ አበባ በሚደርስበት ቱሉ ዲምቱ ላይ ወጥቶ ማራገፊያ ካጣ ግን ሰልፉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

«ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው»

የከተማዋ ጭነት ዋና ዋና ቦታዎች ብዙዎቹ ከወሰኗ ውጭ ናቸው። ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ ኮንቴነር የሚራገፍበት ቦታ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ዱከም ነው። ገላን ላይ ፋብሪካው ተደርድሯል። እነዚህ ሁሉ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አንዱ አስተዳደር ለብቻው ቢያቅድ ግማሹን ብቻ ነው የሚያቅደው።

አብሮ ማቀድ ግን ከላይ ወርዶ የሚጫን ማለት አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣመረው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ቀረ። ገበሬው የጠየቀው ስለ መሬቱና ስለ ኑሮው ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም አለ። ለመጋዘን የሚከለለው ሜዳ የሚታረስ መሬት ነው። ባለቤቱ በካሳው መጠን ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ካርታው ገና ሳይሳል በቦታው ምርጫ ላይ መጠየቅ አለበት። የገላንና የሞጆ ነዋሪም መኪናው በየት ይለፍ፣ ከፋብሪካው ግብር ለሰፈሩ መንገድና ውኃ ምን ያህል ይድረስ በሚለው ላይ እንዲሁ።