«ማበጠር» ምንድን ነው?

«የጸጥታ ኃይሎች ሰፈሩን ሲያበጥሩ አደሩ» የሚል ዜና ለእርማት ሲመጣልኝ ሰሞኑን ሦስተኛው ነው። ሁለቱን «ሲያስሱ አደሩ» ብዬ በዝምታ አሳለፍኩ። የሦስተኛው ጸሐፊ ግን «ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም ያው መፈለግ ነው» ሲል መለሰልኝ። ያው አይደለም!

ማበጠሪያ ምን እንደሆነ፣ ሚዶም ምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። ችግሩ ግሱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ኮምብ» በአንድ አፉ ፀጉር ያበጥራል፣ ጫካ ያስሳል፣ የንብ ቀፎ ውስጥም ይገባል። (አንድ የተተረጎመ የንብ እርባታ መመሪያ «የማር ማበጠሪያ» ሲል አይቻለሁ፤ ንብ አናቢው የማር እንጀራ ነው የሚለው።) የእኛው ማበጠር ግን ከፀጉር ወረድ ሲል የሚገኘው ሰፌድ ላይ ነው።

ስንዴ የምታበጥር ሴት የጠፋባት ነገር የለም። እህሉን ብድግ ታደርገዋለች፤ እብቁ ቀላል ነውና ከሰፌዱ ጠርዝ አልፎ ይበናል፣ ፍሬው ከብዶ ይመለሳል። ፈልጋ አላገኘችም፣ ለየች እንጂ። ሉቃስ 22፥31 ላይ «ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ» ሲባል፣ ሰይጣን ደቀ መዛሙርቱ ጠፍተውበት ሊያስሳቸው ነው? የት እንዳሉማ ያውቃል። አንስቶ ሊያንገጫግጫቸው ነው፤ ማን ፍሬ ሆኖ እንደሚመለስ፣ ማን እብቅ ሆኖ እንደሚበን ሊያይ።

ባልቴቶች እንዳይቆጡኝ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማበጠር፣ ማንገዋለልና መንፋት አንድ አይደሉም። መንፋት የወንፊት ሥራ ነው። ማንገዋለል ሰፌዱን እያሽከረከሩ ነው። ጋዜጠኛው ሦስቱንም «ማጣራት» ብሎ ይገላገላል፤ ለዛሬ ልለፈው።

ወደ ምሳሌያዊው አጠቃቀም ስንመጣም ሰፌዱ አብሮን ይመጣል። «ነገሩን አንጥሮ አበጥሮ ያውቀዋል» የምንለው ብዙ ላነበበ ሰው አይደለም፤ ብዙ ማንበብ ጎተራ መሙላት ነው። አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ወሬውን ለነፋስ ሰጥቶ ፍሬው የቀረለት ነው። አንጥሮ የሚለውም ከዚያው ከማጀት የመጣ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር አተላው ከታች ይቀራል። ሁለቱም ግሶች የሚጣል ነገር ይፈልጋሉ። «ሰነዱን አበጥሬ አየሁት» ብሎ አንዲት መስመር ያልጣለ ሰው አላበጠረም፣ አነበበ።

ጸሐፊው ግን በዋዛ አልተረታም። «ጥርሱ ደቃቅ የሆነው ማበጠሪያስ? ቅማል ፈልጎ ያወጣ የለም ወይ?» አለኝ። ጎበዝ፣ ጥሩ ክርክር ነው። ግን እዚያም ቢሆን ማበጠሪያው ምን ይሠራል? ፀጉሩን በጥርሱ መሐል ያሳልፋል፣ ቅማሉን ያስቀራል። ይለያል ማለት ነው። ፈላጊዋ እናትየው ናት፣ በዓይኗ። (ፀጉር በ«ፀ» ይሁን በ«ጸ» የሚለውን እንዳታነሡብኝ፤ እሱ የራሱ ሰፌድ አለው።)

ስለዚህ ሰፈር ይታሰሳል፣ ቤት ይፈተሻል፣ ሳጥን ይበረበራል። ከአሰሳው በኋላ የተለቀመው የምስክር ቃል መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ ያኔ ይበጠራል። የጸሐፊው ዜና ግን የቆመው ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ማን ተይዞ ማን እንደተለቀቀ እንኳ አይናገርም። «አሰሱ» ብዬ መለስኩለት።