«ትንሽ ለውጥ ምን ይጠቅማል?» ስለ ጤናችን የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ጤናን ማሻሻል ሲባል ብዙዎቻችን ትልቁን ነገር እናስባለን። ጂም መመዝገብ፣ ጣፋጭ ጨርሶ መተው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው መሆን። ይህ ይከብዳል፤ ሲከብደን ደግሞ ምንም ሳንጀምር እንቀራለን። ከዕለት ኑሯችን ሳንወጣ ልናስተካክለው የምንችለው ብዙ ነገር አለ። እንዳንጀምር የሚይዙንን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጂም ካልገባሁ ስፖርት ሠራሁ አይባልም»

ይህ አባባል ብዙ ሰው ወንበር ላይ አስቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ የሚባለው ትንፋሽ ጨመር እያለ ከሰው ጋር ማውራት የሚቻልበት ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። ድሮ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ ግን ይህን ትቶታል። አሁን አምስት ደቂቃም ይቆጠራል።

ስለዚህ አንድ ፌርማታ ቀድሞ «ወራጅ አለ» ማለት፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ሁሉም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከምሳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ወክ ማድረግ ደግሞ ከምግብ ቀጥሎ የሚመጣውን የደም ስኳር መጨመር ይቀንሳል። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህችን ነገር አደራ። ከበሉ በኋላ ጋደም ከማለት ግቢ ውስጥ መዞር ይሻላል፤ አብራችሁት ብትዞሩ ደግሞ የበለጠ ያበረታዋል።

«10 ሺህ እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም»

ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚሄዱት፣ 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው በግልጽ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ እስከ 7,500 ገደማ እየሰፋ ሄዶ ከዚያ በኋላ ብዙም አልጨመረም።

«እኔ ጨው አላበዛም፤ ገበታ ላይ እንኳ አልጨምርም»

የኛ ጨው ገበታው ላይ አይደለም፤ ወጡ ውስጥ ነው። በብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮውም እንደዚሁ። ወጡ ሲሠራ ሌላ ይጨመራል። ሚጥሚጣው የራሱ አለው፣ ዳቦውም የራሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ደግሞ ሁሉም ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አትሞላም።

እዚህ ላይ ለውጡ የሚጀምረው ከወፍጮ ቤት በፊት ነው። በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው ይፈጭ። ወጡ ላይ ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ፣ ተቀምሶ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጨው ውስጥ ያለው አዮዲንም በእሳት ብዙ አይባክንም። መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አልጫ አልጫ ሊል ይችላል፤ በጥቂት ሳምንት ግን ምላስ ይለምደዋል።

ከዚሁ ጋር «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም» የሚሉ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። እባካችሁ በጤና ጣቢያ ስታልፉ ጎራ ብላችሁ ተለኩ።

«ስኳር ትቼ ማር ጀምሬያለሁ»

ማርም ያው ስኳር ነው። መቀነስ ያለበት መጠኑ ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 36 ግራም ገደማ ይሆናል። ከየብርጭቆው አንድ ማንኪያ ብትቀንሱ 24 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት «እዚህ ቢወርድ የበለጠ ይጠቅማል» የሚለው 25 ግራም ገደማን ነው፤ እርግጥ ለስላሳው ካልተጨመረበት።

«21 ቀን ከቻልኩ ይለመዳል»

ብዙ ሰው በ22ኛው ቀን ሲከብደው «እኔ አልችልም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ለንደን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት፣ አዲስ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል። ከሰው ሰው ይለያያል፦ አንዱ በ18 ቀን ይለምዳል፣ ሌላው እስከ 254 ቀን ይወስድበታል። አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን አላበላሸም።

«ሲጋራም ቀንሻለሁ፤ አሁን በቀን አንድ ብቻ ነው»

እዚህ ጋ ትንሽ ለውጥ አይበቃም። ከ20 ወደ አንድ የወረደ ሰው ጉዳቱም በዚያው ልክ የወረደ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ የሚጨመረው የልብ ሕመም አደጋ፣ 20 የሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው ግማሽ ገደማ ይደርሳል። መቀነስ ወደ ማቆም የሚወስድ መንገድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንዷ ላይ መቆም ግን የለበትም። ሙሉ በሙሉ ካቆሙ አንድ ዓመት ሲሞላ፣ ሲጋራ ያመጣው የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።