ክሊፍ በርተን፦ የአድናቂዎቹ ሐዘንና መታሰቢያዎቹ

ክሊፍ በርተን የአሜሪካው ሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካ ቤዝ ጊታሪስት (ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር ተጫዋች) ነበር። በ24 ዓመቱ ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ። አድናቂዎቹ ዛሬም ሙት ዓመቱን ያስባሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1962 ካሊፎርኒያ ነው። ወንድሙ በ1975 ሞተበት። ቤዝ ጊታርን አጥብቆ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ወላጆቹ እንደሚሉት፣ ለወንድሙ ሲል ከሁሉ የሚበልጥ ቤዚስት እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። ሆነም። የሜታሊካ ልጆች እሱን ለማግኘት ሲሉ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሌሎች ጠባብ ጂንስ ሲለብሱ እሱ ከታች ሰፊ የሆነውን ቤል ቦተም ሱሪውን አላወለቀም። ቤዙን በዋህ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፁን በሚለዋውጥ መሣሪያ) እያስጮኸ፣ ጸጉሩን እያወናጨፈ፣ ዜማውን እንደሚመራው ሊድ ጊታር ለብቻው ሶሎ ይጫወትበት ነበር። በሦስት አልበሞች ብቻ ቤዝን ከኋላ ወደ ፊት አወጣው።

የመጨረሻ ኮንሰርቱ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ስቶክሆልም ላይ ነበር። ያን ሌሊት በአልጋ ጉዳይ ካርታ ተሳቦ፣ ክሊፍ በአውቶቡሱ ውስጥ የባንዱን ጊታሪስት የኪርክ ሃሜትን መኝታ እንደወሰደ ይነገራል። ሊነጋጋ ሲል ዶራርፕ በምትባል መንደር አቅራቢያ አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ክሊፍ በመስኮት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አውቶቡሱም ላዩ ላይ ወደቀ። ሹፌሩ መንገዱ ላይ በረዶ አንሸራተተኝ አለ። የባንዱ ዘፋኝና ጊታሪስት ጄምስ ሄትፊልድ ግን በዚያ ብርድ መንገዱን በእግሩ እየሄደ በረዶውን ቢፈልግ አላገኘም። ሹፌሩ አልተከሰሰም። ብዙ አድናቂዎች እስከ ዛሬ የሚያምኑት ሄትፊልድን ነው።

ቀብሩ ላይ «ኦሪዮን» ተከፈተ፤ ክሊፍ ራሱ ቤዙን የተጫወተበት፣ ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ነው። ባንዱ በ1987 ለመታሰቢያው ቪዲዮ ሲያወጣ፣ አብዛኛው ምስል አድናቂዎች ኮንሰርት ላይ በራሳቸው ካሜራ የቀረጹት ነበር። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ጥራት ይጎድለዋል። ክሊፍን መድረክ ላይ ያላዩ ሰዎች ግን ያወቁት በዚሁ ነው።

ለአድናቂዎቹ ትልቁ የመታሰቢያ ስፍራ ዶራርፕ ነው። አደጋው ከደረሰበት ቦታ አጠገብ በኦክቶበር 2006 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። የተቀረጸበት ቃል ከሞቱ በኋላ በሜታሊካ የ1988 አልበም ላይ ከወጣው «ቱ ሊቭ ኢዝ ቱ ዳይ» ከተሰኘው ሥራ የተወሰደ ነው። በ2022 ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ባለችው ዩንግቢ ከተማ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። አንድ የካሊፎርኒያ ልጅ በአንዲት የስዊድን ከተማ ሙዚየም ሲቆምለት፣ ፍቅሩ ምን ያህል እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

አገሩም አልረሳውም። በአድናቂዎቹ ጥያቄ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የአላሜዳ ካውንቲ (አውራጃ) ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2018ን፣ ማለትም የልደት ቀኑን፣ «የክሊፍ በርተን ቀን» ብሎ አወጀ።

አድናቂዎቹን ከክሊፍ ጋር የሚያገናኟቸው ደግሞ አባቱ ሬይ በርተን ነበሩ። በ2009 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ የልጃቸውን ክብር የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በስተርጅናም ሜታሊካ ኮንሰርት ላይ ይገኙ ነበር፤ አድናቂዎችም ከብበው ስለ ልጃቸው ያወሯቸዋል። በ2020 በ94 ዓመታቸው አረፉ። ከልጃቸው ሙዚቃ የሚደርሳቸውን ገንዘብ ክሊፍ በተማረበት የካስትሮ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል አውለውታል።