የክፍት ትምህርትና የዲጂታል ምርምር ክህሎት አውደ ጥናቶች

ዩኒቨርሲቲዎች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ለመምህራን፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለተመራማሪዎች የሚሰጧቸው አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ። ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከእነዚህ ሥልጠናዎች ሁለት ዓይነቶች አሁን አሁን አንድ ላይ ሲሰጡ ይታያል። አንደኛው፣ ክፍት ትምህርት የሚባለው፣ የማስተማሪያ ጽሑፍን ሌላ ሰው ወስዶ እንዲያሻሽለው አድርጎ መልቀቅን ያስተምራል። ሁለተኛው፣ የዲጂታል ክህሎቱ፣ ዳታ ማጽዳትን፣ መተንተንንና በወጉ ማስቀመጥን። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አይገናኙም። የሁለቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ባለቤቱ በሌለበት ሌላ ሰው ሥራውን ከፍቶ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ?

የክፍት ትምህርት ታሪክ ረጅም አይደለም። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ጽሑፎች በኢንተርኔት በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2002 ዩኔስኮ በጠራው መድረክ ላይ «ክፍት የትምህርት ግብዓቶች» የሚለው ስያሜ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ባለቤቶች ሥራቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱባቸውን የመጀመሪያዎቹን ዝግጁ ፈቃዶች ይፋ አደረገ። ነገሩን መሬት ያስያዘው ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። መልካም ፈቃድ ብቻውን ጽሑፍን ክፍት አያደርግም፤ በጽሑፍ የሰፈረ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አውደ ጥናቱ ላይ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚሁ ጋ ነው። መምህሩ ለዓመታት ሲያስተምርበት የኖረውን ስላይድ ይዞ ይመጣል። አሠልጣኙ «ይሄ ሥዕል ከየት መጣ?» ይለዋል። «ከጉግል።» ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች የቅጂ መብት ምዝገባ አይፈልግም፤ ሥራው እንደተፈጠረ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ምንም አልተጻፈም ማለት ባለቤቱ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ ማሳየቱን ሕጉ ሊታገሠው ይችላል፤ ስላይዱን ለዓለም መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሥዕሉ ወይ ይቀየራል፣ ወይ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ወይ ይወጣል።

የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ስድስት ናቸው። ሁሉም ባለቤቱ እንዲጠቀስ ያዛሉ። ከዚያ ሦስት ገደቦች በተለያየ መልክ ይጨመሩባቸዋል፦ ለንግድ አይዋል፣ ተቀይሮ አይሰራጭ፣ የተሻሻለውም በዚሁ ፈቃድ ይውጣ። ሲያነቧቸው ቀላል ናቸው፤ ጣጣቸው የሚታየው ሲሠራባቸው ነው። «ተቀይሮ አይሰራጭ» የሚለውን የመረጠ መምህር መጽሐፉ ተተርጉሞ እንዳይወጣ ሳያስበው ከልክሏል፤ ትርጉምም ለውጥ ነውና። ሌላም አለ። አንዱ ጽሑፍ «በዚሁ ፈቃድ ይውጣ»፣ ሌላው ደግሞ «ለንግድ አይዋል፣ በዚሁ ፈቃድ ይውጣ» ይላል እንበል። ሁለቱን አዋሕዶ አንድ አዲስ ጽሑፍ ማውጣት አይቻልም፤ የሁለቱንም ትእዛዝ በአንዴ ማክበር አይሆንምና። ይህን በስላይድ ከመንገር ሁለቱን ጽሑፎች ሰጥቶ «አዋሕዱ» ማለት ይሻላል። ተከራክረው ራሳቸው ይደርሱበታል።

የዲጂታል ክህሎቱ ሥልጠና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሁሉም አውቀዋለሁ ከሚለው ከኤክሴል ነው። አንድ የታወቀ ጉድ አለ። ተመራማሪዎች ሴፕት2 እና ማርች1 የሚባሉ ጂኖችን ስም በሰንጠረዥ ሲጽፉ፣ ኤክሴል ቀን እየመሰለው ወደ ሴፕቴምበር 2 እና ማርች 1 ይቀይርባቸው ነበር። የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለባቸው በ2016 የወጣ ጥናት አሳየ። በ2020 የሰውን ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ራሱን ቀየረ። የኤክሴል ባለቤት ማይክሮሶፍት ይህን የኤክሴል ልማድ ማጥፊያ ምርጫ ያመጣው በ2023 ነው። ሳይንሱ ቀድሞ እጅ ሰጠ ማለት ነው።

ሰልጣኙ ከዚህ የሚይዘው ጥሬው ዳታ እንደማይነካ ነው። ሥራው ቅጂ ላይ ይሠራል፤ እያንዳንዱ የማጽዳት እርምጃ በኮድ ወይም በማስታወሻ ይቀመጣል። ሴሎችን ቢጫ እየቀቡ ምልክት ማድረግም ይቀራል። ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ ከቀቢው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ፋይሉ ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ወደሚይዘው ሲኤስቪ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ሲለወጥ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይጠፋል።

ለዚህ ሥልጠና አሰጣጥ መልክ በማስያዝ ስሙ የሚነሳው ለተመራማሪዎች የኮድ ሥራ የሚያስተምረው ሶፍትዌር ካርፐንትሪ ነው። በ1998 በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተጀመረ። በ2018 ዳታ አያያዝን ከሚያስተምረው ከዳታ ካርፐንትሪ ጋር ተዋሕዶ ዘ ካርፐንትሪስ ተባለ። የተለመደው ሥልጠና ሁለት ቀን ነው። አሠልጣኙ ኮዱን ሰው ፊት ከባዶ ይጽፋል፤ ሰልጣኙም አብሮ ይጽፋል። አሠልጣኙ ሲሳሳት አይደብቅም፤ ስህተት እንዴት እንደሚታረም ማየት ከትምህርቱ አንዱ ነው። ሰልጣኞች ሁለት ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይሰጣቸዋል። የጨረሰ አንደኛውን፣ የተቸገረ ሌላኛውን ላፕቶፑ ላይ ይለጥፋል፤ ረዳቶች አይተው ይመጣሉ። እጅ አውጥቶ «አልገባኝም» ማለት ለሚከብደው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህ ሌላ ማጣቀሻ መያዣው ዞቴሮ፣ ለተመራማሪው የራሱን ባለ 16 አሃዝ መለያ የሚሰጠው ኦርኪድ፣ የአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን በ2013 የከፈተው የዳታ ማኖሪያ ዜኖዶ በየሥልጠናው አይጠፉም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ከይዘቱ አይመጣም። ሶፍትዌር ሲጫን ግማሽ ቀን ያልቃል። አንዱ ሰልጣኝ ኮድ ሲጽፍ የኖረ፣ ጎረቤቱ ፋይሉ የት እንደገባ የጠፋበት ይሆናል። ተንኮለኛው ችግር ግን ሰው በምሳሌ ዳታ ሠርቶ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ወጥቶ፣ የራሱን ፋይል ሳይነካው መቅረቱ ነው። ስለዚህ የነቁ አዘጋጆች «የራሳችሁን ስላይድ፣ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ኑ» ይላሉ። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍትም ከሥልጠናው በኋላ በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት ባለሙያ መድበው ፋይሉ ያስቸገረውን ሁሉ ያስተናግዳሉ። እንደ እኔ ከሆነ በጀት የሚያንስ ከሆነ የሥልጠናው ቀን አጥሮ ይህ ሰዓት ቢተርፍ እመርጣለሁ።