ሜትሮይድ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በዚሁ ስም የሚጠራው ተከታታይ የቪዲዮ ጌም ፍጡር የሆነውን ሜትሮይድን «ያገኘውን ሁሉ ደሙን የሚመጥ ክፉ ጭራቅ» ካለ በኋላ «ዘሩ ሲጠፋ ዓለም ተገላገለ» ብሎ ደመደመ። ይህንኑ ደሴም ወልድያም ባሉ ጌም ቤቶች ስሰማው ኖሬአለሁ። የዛሬው ግን ከልክ አለፈ።

ሲጀመር ደም አይመጥም፤ የሚመጠው የሕይወትን ኃይል ነው። የጃፓኑ ጌም አምራች ኒንተንዶ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ጄሊፊሽ መስሎ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ብርሃን በሚያሳልፈው አረንጓዴ ቆቡ ውስጥ አስኳሎቹ ይታያሉ፣ ከሥሩ ጥርሶቹ ተንጠልጥለዋል። የጨዋታው ዋና ገጸ ባሕርይ በሆነችው ሳሙስ አራን ላይ አንዴ ከተጣበቀ፣ እንደ ኳስ ተጠቅልላ ቦምብ ካላፈነዳች አይላቀቃትም። ለመግደል በበረዶ ጨረር ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በሚሳይል ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል።

ዋናው ስሕተት ግን «ተገላገለ» የሚለው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ሳሙስ ኤስአር388 ወደምትባለው ፕላኔት የተላከችው ዘራቸውን ልታጠፋ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሜትሮይድ ፊውዥን መዘዙን አሳየ፦ ሜትሮይድን የፈጠሩት ወፍ መሰሎቹ ቾዞዎች ሲሆኑ፣ የፈጠሩትም ኤክስ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ እንዲበላላቸው ነው። ኤክስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይገድላል፤ የገደለውንም መልክ ይይዛል። በሊታው ሲጠፋ ኤክስ ተንሰራፋ።

እዚህ ቆቦ ሜዳ የሰብል ጥበቃ ሥራ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፓርቲኒየም የሚባለው ቅንጬ አረም ከአሜሪካ አህጉር ሲመጣ በትውልድ ቦታው የሚበሉት ነፍሳት አብረውት አልመጡም። ስለዚህ ማሽላው መሐልም፣ ግጦሹም ላይ፣ መንገድ ዳርም እንደ ልቡ ይበቅላል። ኤስአር388 ላይ ሜትሮይድ የሌለበት ኤክስም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ አረም ጠላቱን ጥሎ መጣ፤ የኤክስን ጠላት ግን ሳሙስ በገዛ እጇ አጠፋች።

እርግጥ በሙያዬ ዓይን ቾዞዎችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ተፈጥሯዊ ጠላት የሚለቀቀው ከተፈለገው ተባይ ወይም አረም ውጭ ምን እንደሚበላ ከተፈተሸ በኋላ ነው። የቅንጬን ቅጠል የምትበላው ጥንዚዛ ወደ አገራችን ስትገባ የተፈተነችው ኑግ ላይ ጭምር ነበር፤ ኑግና ቅንጬ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸውና። ሜትሮይድ ግን ሕይወት ካለው ነገር የሚመርጠው የለም። እንዲህ ያለ ፍጡር ከእኛ ፈተና አያልፍም ነበር። ጥፋቱ ግን የፈጣሪዎቹ እንጂ የእርሱ ክፋት አይደለም። ወደ ጦር መሣሪያነት ለመለወጥ ሰርቀው የወሰዱት የጠፈር ወንበዴዎችም ናቸው መጠየቅ ያለባቸው።

«ክፉ» ለሚለው ወንድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ሳሙስ ራሷ በኤክስ ተይዛ ልትሞት ስትል ያዳናት ከሜትሮይድ ሕዋስ የተሠራ ክትባት ነው። በክትባቱ ኤክስን መምጠጥ ቻለች፤ የሜትሮይድን ብርድ አለመቻልም አብራ ወረሰች።