ድራመሩ ሲጽፍ፦ ስለ ክሬግ ፈርጉሰን በስህተት የሚባሉ ነገሮች

ክሬግ ፈርጉሰንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ከ2005 እስከ 2014 ድረስ በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚተላለፍ ቶክ ሾው ያቀርብ ነበር። አሜሪካ የኖረ አንባቢ ያንን የስኮትላንድ አነጋገሩን አይረሳውም። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ ውስጥ ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ድራመር ነበር። በኋላ የፊልም ድርሰቶች ጻፈ፣ ልቦለድ ጻፈ፣ የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ከሁሉም በላይ ጸሐፊነቱን ነው የምወድለት። ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች ግን ያሳስቡኛል። መጻፍ እየፈለገ የሚፈራ ሰው ሲሰማቸው ብዕሩን ያስቀምጣል።

«ፓንክ ጩኸት ነው፤ ከጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?»

በጣም ነው የተገናኘው። ፓንክ በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ሲፈነዳ ከጊታሩ ጋር ወረቀትም ይዞ ነው የመጣው። ማርክ ፔሪ የሚባል የለንደን ልጅ ባንክ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስለ ፓንክ ባንዶች የራሱን መጽሔት ጀመረ። ጽሑፉን በታይፕ መታ፣ ርዕሶቹን በእጁ ጻፈ፣ ፎቶኮፒ አደረገና አሰራጨ። የመጀመሪያው እትም 50 ቅጂ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሺዎች መሸጥ ጀመረ። አሳታሚ አልነበረውም፣ አርታኢ አልነበረውም፣ የጋዜጠኝነት ዲግሪም አልነበረውም። ሌሎች ወጣቶች ይህን አይተው በየከተማቸው የራሳቸውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ወጣት ጸሐፊዎችን በማስታወቂያ ፈለገ። ከተቀጠሩት አንዷ ጁሊ በርችል ነበረች፤ ገና የ17 ዓመት ልጅ፣ የብሪስቶል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ። ሌላው ቶኒ ፓርሰንስ ነው። እሱ ጂን መጥመቂያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ብዙ የተሸጡ ልቦለዶች ጽፏል። ጆን ኩፐር ክላርክ ደግሞ ከሳልፎርድ መጥቶ በፓንክ ባንዶች መድረክ ላይ ግጥም ያነብ ነበር። በዚያ ሁካታ መሀል!

ፈርጉሰን ድራም የመታበት ባንድ በመጨረሻ ድሪምቦይስ ተባለ። ዘፋኙ ፒተር ካፓልዲ ነበር፤ ያኔ የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ካፓልዲን ብዙዎች የሚያውቁት «ዶክተር ሁ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው፣ ደራሲውን ካፍካን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ አጭር ፊልም በ1995 ኦስካር አግኝቷል። አንዲት ትንሽ የግላስጎው ባንድ አንድ ልቦለድ ደራሲና አንድ ኦስካር ያገኘ የፊልም ደራሲ አወጣች ማለት ነው። ይሄ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም።

«በ16 ዓመቱ ትምህርት ያቋረጠ የፋብሪካ ልጅ ጸሐፊ አይሆንም»

ፈርጉሰን በ1962 ግላስጎው ውስጥ ተወለደ። የቤተሰቡ ሰፈር ስፕሪንግበርን ነበር። ስፕሪንግበርን በአንድ ወቅት ለዓለም የባቡር ሞተር ይሠራ የነበረ ሰፈር ነው። ትልቁ የባቡር ሞተር ኩባንያ የከሰረው እሱ በተወለደበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ እንደ ብዙ የግላስጎው ሰዎች ከምበርኖልድ ወደምትባለው አዲስ ከተማ ሄደ። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው የግላስጎውን የቤት ችግር ለማቃለል ነው። አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እናቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት።

በ16 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። በበሮውስ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በሮውስ የሒሳብ ማሽንና ኮምፒውተር ይሠራ የነበረ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የኩባንያው መሥራች የልጅ ልጅ ዊልያም በሮውስ ነው፤ ፓንኮች እንደ አባታቸው የሚያዩት ደራሲ። ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለማንኛውም፣ ለጽሑፍ የሚያስፈልገው ትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ አይገኝም። ፈርጉሰን የፋብሪካውንም፣ የመጠጥ ቤቱንም፣ የጎረቤቱንም ንግግር ሰምቶ አስቀምጦታል። መጻሕፍቱ ላይ ይሰማል። ትምህርት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የትምህርት ወረቀት የሌለው ሰው ብዕር ማንሳት አይገባውም የሚለውን ነው የምቃወመው።

«ድራሙ ነው የአረፍተ ነገር ምት ያስተማረው»

ይህ በበጎ የሚነገር ነው፤ ግን አላምንበትም። ስንት ጎበዝ ድራመር አለ፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚያንገሸግሸው! ድራም የማያውቅ ጸሐፊም አረፍተ ነገሩ ሲዘፍን እናያለን።

በእኔ እምነት ፓንክ የሰጠው ሌላ ነገር ነው። በፓንክ ዘመን ባንድ ለመመሥረት መጀመሪያ ጎበዝ መሆን አይጠበቅብህም ነበር። ትጀምራለህ፣ ሰው ፊት ትቆማለህ፣ ትሳሳታለህ፣ እየሠራህ ትማራለህ። ፈቃድ የሚሰጥ የለም። ፈርጉሰን ከድራም ወደ መድረክ ቀልድ ሲሸጋገር ያደረገው ይህንኑ ነው። «በል እስቲ ሞክር» ብለው ካበረታቱት አንዱ ካፓልዲ ነበር። ከቀልድ ወደ ትወና፣ ከትወና ወደ ፊልም ድርሰት፣ ከዚያም ወደ ልቦለድ ሲያልፍም እንዲሁ።

«መጠጡ ነው የጻፈለት»

ይሄኛው ያናድደኛል። ደራሲ ካልጠጣ አይጽፍም የሚለው ተረት በየአገሩ አለ፤ እኛም ጋ አለ። የፓንክ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እውነቱን በዓመት ማየት ይቻላል። ፈርጉሰን በ1980ዎቹ ክፉኛ ይጠጣ ነበር። በዚያን ጊዜም መድረክ ላይ ይቀልድ ነበር፤ በ1986 በኤዲንብራ ፌስቲቫል ስሙ ወጥቷል። በ1991 የገና ቀን ግን ሕይወቱን ለማጥፋት ወስኖ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያሰበው ከለንደን ታወር ብሪጅ ለመዝለል ነበር። የሚያውቀው የመጠጥ ቤት ሰው «መልካም ገና» ብሎ ሼሪ የሚባለውን ወይን አንድ ብርጭቆ ጋበዘው። ከዚያ በኋላ የመዝለሉ ሐሳብ ከአእምሮው ጠፋ። በየካቲት 1992 መጠጥ አቆመ፤ ሕክምናም ገባ።

አሁን ሥራዎቹን እንቁጠር። ፊልም ሆነው የወጡት ድርሰቶቹ ከ1992 በኋላ ናቸው። ልቦለዱ የ2006 ነው። የሕይወት ታሪኩ የ2009፣ ሁለተኛው የ2019። ሁሉም የተጻፉት ጠርሙሱ ከተዘጋ በኋላ ነው። መጠጡ ርዕስ ሰጥቶት ይሆናል፤ ጊዜውንና ጭንቅላቱን የሰጠው ግን ማቆሙ ነው።

በየካቲት 2007 ስለዚህ ጉዳይ በቶክ ሾው ላይ ረጅም ንግግር አድርጓል። ያን ሰሞን ዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስ ጭንቅ ላይ ነበረች፤ ቀልደኛው ሁሉ እሷ ላይ ተረባርቧል። እሱ «እኔ አልቀልድባትም» አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳም የራሱን የ15 ዓመት ታሪክ ተረከ። በቀልድ ፕሮግራም ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት ብዙ አላየሁም።

«ዝነኛ ስለሆነ ነው ያሳተሙለት»

ዝናው አልረዳውም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ቶክ ሾውን የተረከበው በ2005 መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲጽፍ ነበር። «ድሩ ኬሪ ሾው» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ላይ የእንግሊዛዊ አለቃ ሆኖ በሚተውንባቸው ዓመታት ከሌሎች ጋር የፊልም ድርሰት ይጽፍ ነበር። አንዱ «ሴቪንግ ግሬስ» ነው። ባሏ ዕዳ ጥሎባት የሞተ፣ በእንግሊዝ ኮርንዎል የምትኖር ሴት ዕዳውን ለመክፈል ካናቢስ ስታበቅል ያሳያል።

ልቦለዱ ደግሞ ዝነኞች ለገበያ የሚያወጡት ዓይነት መጽሐፍ አይደለም። ርዕሱ በአማርኛ «በድልድዩና በወንዙ መሀል» ማለት ነው። ሁለት የስኮትላንድ አብሮ አደጎች አሉ፤ አንዱ የቴሌቪዥን ሰባኪ፣ ሌላው ለሞት የሚያደርስ ካንሰር የያዘው ጠበቃ። በሌላ በኩል ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች አሉ። የሥነ ልቦናው ሊቅ ካርል ዩንግ ሳይቀር በሕልም እየመጣ ያወራል። የተዘበራረቀ ነው፣ አንዳንዴም ይበዛል። ግን ስለ እምነት፣ ስለ ሞትና ስለ ይቅርታ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ነው የጻፈው።

ከፈርጉሰን መጻሕፍት አንዱን ብቻ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከ2009ኙ የሕይወት ታሪክ ቢጀምር እመክራለሁ። ከምበርኖልድ፣ ፋብሪካው፣ ባንዱ፣ መጠጡ፣ በ2008 ያገኘው የአሜሪካ ዜግነት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ልቦለዱን ከዚያ በኋላ ቢይዘው የትኛው ገጽ ከየትኛው ሕይወት እንደመጣ ራሱ ይለየዋል።